ብዙ አምፕሊፋየር፣ አንድ ባትሪ፦ በመንዝ ደጋ ከዞረች የድምፅ መኪና የተገኘ ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ ስለ ታላላቅ ግድቦች ወይም ስለ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መሥመሮች የምናገር መስሏቸው ነበር። የመረጥሁት ርእስ ግን ከአንዲት ፒክ አፕ መኪና አይወጣም። ይኸውም ከአንድ ባትሪና ከአንድ ዲናሞ ላይ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አምፕሊፋየሮችን በደኅና ማገናኘት የሚቻለው እንዴት እንደ ሆነ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በየወረዳው ከተማ ዘወትር የሚሠራ፣ ሲበላሽ መኪና የሚያቃጥል፣ ሲስተካከል ደግሞ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ብዙዎቹ ከእኛ ትምህርት ያላገኙ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ከቴክኒክ አልፎ የሙያችንን ኃላፊነት የሚነካ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ ኃይል የሚጨምረውን ሣጥንም፣ ድምፁን ወደ አየር የሚለቀውንም በአንድ ስም እንጠራለን። ሕዝቡ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎ «ሞንታርቦ» ይለዋል። ይህ ስም የአንድ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች የንግድ ስም ሲሆን፣ በአገራችን የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ዛሬ ሣጥኑን አምፕሊፋየር፣ ድምፅ የሚለቀውን ስፒከር እላለሁ። ጡሩምባ ስል ደግሞ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚታሰረውን አፉ ሰፊ ስፒከር ማለቴ እንጂ የመኪናውን ክላክስ አይደለም።

መኪናዋና አገሩ

መንዝ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የሚከፈል ደጋ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ የተገነጠለ ተጓዥ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ግሼ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች በላይ የተዘረጋው የመርሐቤቴ አገር ይገኛል። ሜዳው ገብስና በግ የሞላበት ነው፤ ሜዳው ሲያበቃ ግን ገደሉ በድንገት ይቆርጠዋል። ከገደል ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት መንደሮች በዐይን ይተያያሉ፤ በእግር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ አገር ድምፅ ከእግር ይቀድማል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሕዝብን ሰብስቦ ማስተማር የማይቻል ሆነ፤ ትምህርቱ ራሱ «አትሰብሰቡ» የሚል ነበርና። በብዙ የአገራችን ከተሞች የድምፅ መኪኖች እየዞሩ እጅ ስለ መታጠብና ስለ መራራቅ ያሳስቡ ጀመር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር እኔም በሥራ ምክንያት መሐል ሜዳ ነበርሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ተግባር ያቆማት ፒክ አፕ ነበረችው። በላይዋ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ጡሩምባዎች ነበሩ። ኃላፊዎቹ ድምፁ ማዶ እንዲሰማ ስለ ፈለጉ ሁለት ተጨማሪ አምፕሊፋየሮች አስመጥተው «አንተ መሐንዲስ ነህና አገናኝልን» አሉኝ። እኔም በደስታ ተቀበልሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ በከፊል ያወቅሁትን፣ በከፊል ደግሞ ተሳስቼ የተማርሁትን ነው።

እጥፍ ድምፅ እጥፍ ኃይል አይደለም

ለኃላፊዎቹ መጀመሪያ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረውን አልነገርኋቸውም። የአምፕሊፋየር ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህን ጆሮ ለይቶ ያውቀዋል እንጂ አይደነቅበትም። ሰሚው «አሁን እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለሆነም በ100 ሜትር የሚሰማው ቃል በ200 ሜትርም እኩል እንዲሰማ አራት እጥፍ ኃይል ይጠየቃል። መኪናዋን መቶ ሜትር ወደ ሰዎቹ ማስጠጋት ግን ጥቂት ናፍጣ ብቻ ይፈልጋል።

ታዲያ ብዙ አምፕሊፋየር ምን ይጠቅማል? ሦስት በቂ ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ጡሩምባዎቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሲዞሩ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን አምፕሊፋየር ቢያገኝ ጭነቱ ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ አንዱ በመንገድ ላይ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ከመሐል ሜዳ ወጥቶ ግሼ ራቤል ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ ንግግርንና ሙዚቃን ለየብቻ ማስተናገድ ይቻላል። ብዙ አምፕሊፋየር የሚገናኘው ለእነዚህ ምክንያቶች እንጂ ጩኸት ለመጨመር መሆን የለበትም።

የገመዱ ሒሳብ

በዚያች መኪና ላይ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ባለ 300 ዋት፣ ሦስተኛው ባለ 200 ዋት፣ በድምሩ 800 ዋት ነበሩ። የዛሬዎቹ ዲ ክፍል የሚባሉት አምፕሊፋየሮች ከሚወስዱት ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከር ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ለ800 ዋት 1,000 ዋት ይስባሉ ማለት ነው። ሞተር ሲሠራ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት 13.8 ቮልት ቢሆን፣ ጅረቱ 73 አምፔር ያህል ይሆናል። በድሮዎቹ ኤቢ ክፍል አምፕሊፋየሮች ቢሆን ኖሮ ከ100 አምፔር በላይ ይደርስ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሰው ሲናገር በየመሐሉ ስለሚያርፍ የንግግር አማካይ ጅረት ከሙሉው አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። ቢሆንም ገመድ የሚመረጠው ለከፍተኛው ነው።

ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ትልቁ ጠላታችን ይህ ከፍተኛ ጅረት ነው። ጋልቪን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሞቶሮላ የተሰኘውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ባቀረበበት በ1930 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ መኪኖች ባለ 6 ቮልት ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ወደ 12 ቮልት የተሻገሩበት አንዱ ምክንያት ቮልት በእጥፍ ሲያድግ ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ጅረት በግማሽ ስለሚቀንስ ነው። በገመድ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በጅረቱ ካሬ ልክ ስለሚሄድ፣ ጅረቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከባትሪው ተነሥቶ በመቀመጫው ሥር እስከ ማከፋፈያው ድረስ 5 ሜትር ገመድ አስፈለገ። አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በየሜትሩ 0.0172 ኦም ተቃውሞ አለው። ስለዚህ ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በ5 ሜትር 0.0054 ኦም ይሆናል። በ73 አምፔር የሚጠፋው 0.39 ቮልት፣ የሚባክነው ሙቀትም 29 ዋት ያህል ነው። ይህ ተቀባይነት ያለው ነው። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ጽፌ፣ ባለ 16 ነው የተባለውን ገመድ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ባለ 80 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አስቀምጬ ሥራውን ጨረስሁ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ትክክል ያልነበረው ገመዱ ነው።

የሚረዳኝ አንድ የከተማው ወጣት ነበር። ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያልበለጠ፣ በመንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራ የሚኖር ነው። ሙሉ ድምፅ ለቅቀን ስንሞክር ገመዱ ማከፋፈያው ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ላይ እጁን አኖረና «ጋሼ፣ ይኸ ገመድ ይሞቃል እኮ» አለኝ። እኔም ወረቀቴን አሳይቼ «ሒሳቡ አይሞቅም ይላል» ብዬ መለስሁለት። እርሱም ታላቁን አክብሮ ዝም አለ። በማግስቱ መኪናዋ ከከተማ ወጥታ፣ የማስታወቂያ ሙዚቃው ያለ ዕረፍት ሲለቀቅ ከዋለ በኋላ፣ ከመቀመጫው ሥር የላስቲክ ሽታና ጢስ ወጣ። ሹፌሩ ፈጥኖ ሞተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ምንጣፉ ተቃጥሎ ነበር። በመኪናዋ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ ሁለት የጤና ሠራተኞች እንደ ነበሩ ሳስብ ዛሬም ደስ አይለኝም።

ገመዱን ስንቆርጠው ነገሩ ታየ። ላዩ መዳብ ቢመስልም ውስጡ አልሙኒየም ነበር፤ በስስ መዳብ የተለበጠ ነው። የላስቲኩ ሽፋን ወፍራም ስለ ሆነ እንጂ የብረቱ ውፍረትም ቢለካ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ገመድ በ5 ሜትር 0.0135 ኦም ይሆናል። የሚጠፋው ወደ 1 ቮልት፣ ሙቀቱም 72 ዋት ያህል ሲሆን፣ እኔ ካሰላሁት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ከዚህም የከፋው መጋጠሚያው ነበር። አልሙኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ጅረት የማያሳልፍ ዝገት ያበቅላል፤ በብሎን ሲጠብቅም ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ ይላላል። የላላ መጋጠሚያ 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው እንኳ በ50 አምፔር 25 ዋት ሙቀት በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ያከማቻል። ወጣቱ በእጁ ያገኘው ይህንኑ ነበር።

ከዚህ ሁለት ደንብ አወጣሁ። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላም በሙሉ ኃይል ዐሥር ደቂቃ አሠርታችሁ መጋጠሚያውን ሁሉ በእጃችሁ ዳስሱ። እጅ የሚያውቀውን ወረቀት ላያውቀው ይችላልና።

ፊውዝ ለማን ይቆማል?

ብዙ ሰው «ፊውዙ ለምን አልተቃጠለም?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሱ ቀላል ነው። ፊውዝ የሚያውቀው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን ጅረት ብቻ ነው። ጅረቱ ከ80 አምፔር አላለፈም። መጋጠሚያው ቢነድ ፊውዙ በምን ያውቃል? ባለ 80 ፊውዝ የመረጥሁትም ለባለ 16 መዳብ እንጂ ለባለ 10 አልሙኒየም አልነበረም። ፊውዝ አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ የሚመስለው ብዙ ነው። ዋናው ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ስለዚህም የሚለካው በገመዱ ውፍረት ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ መሆን አለበት። ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ጠባቂ የለውምና፣ ከሻንሲው ጋር ቢነካካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቅበታል። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት የቆርቆሮ ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ይግባበት፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ የተሳለ ቆርቆሮ ሽፋኑን እንደ መጋዝ ይበላዋልና።

አምፕሊፋየሮቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ደግሞ ዋናው ገመድ በማከፋፈያ ላይ ወደ ቀጫጭን ገመዶች ይከፈላል። በዚህ ቦታ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወፍራሙ ገመድ ፊውዝ ስላለው ቀጭኖቹም የተጠበቁ ይመስላቸዋል። ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ቅርንጫፍ ገመድ ግን ባለ 80 ፊውዝ ከመቃጠሉ በፊት ራሱ ይቃጠላል። ስለሆነም ገመድ በቀጠነበት ቦታ ሁሉ አዲስ ፊውዝ ይቁም። በእኛ መኪና ላይ ባለ 300 ዋቶቹ 27 አምፔር ያህል ስለሚስቡ ለእያንዳንዳቸው 30፣ ለባለ 200 ዋቱ 25 አምፔር ፊውዝ ተደረገ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

ግራውንድና የሞተሩ ጩኸት

ጅረት ሄዶ ይመለሳል። ለመሄጃው ወፍራም ገመድ የሚገዛ ሰው ለመመለሻው ቀጭን ሽቦ ሲያስር በብዛት አይተናል። የመመለሻው ውፍረት ከመሄጃው እኩል መሆን አለበት። በፒክ አፕ ላይ የጭነቱ ሣጥን ከሻንሲው የተለየ ስለ ሆነ ግራውንዱ በሣጥኑ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን በሻንሲው ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ በሚያበራ ብረት ላይ ይታሰር። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻንሲ፣ ከሞተሩም ወደ ሻንሲ የሚሄዱት የፋብሪካ ገመዶች ቀጭን ከሆኑ ይጠናከሩ።

የሁሉም አምፕሊፋየሮች ግራውንድ ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ ይገናኝ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ቢታሰር በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለችው ጥቂት ቮልት በምልክት ገመዱ ሽፋን በኩል ትዞርና በጡሩምባው ይሰማል። ሞተሩ ሲፈጥን እየቀጠነ የሚሄደው የፉጨት ድምፅ ይህ ነው። መሞከሪያው እነሆ፦ ሁሉም በሙሉ ኃይል ሲሠሩ የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ግራውንድ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ንባቡ ከ0.1 ቮልት ከበለጠ መመለሻው ታሟል ማለት ነው። የምልክት ገመዶችም ከኃይል ገመዱ ርቀው፣ ኃይሉ በግራ ሲሄድ ምልክቱ በቀኝ እንዲሄድ ይደረግ። መሻገር ግድ ሲሆን በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ።

ማብራትና ማከፋፈል

አምፕሊፋየርን የሚያበራው ከማጫወቻው የሚመጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ለአንድ አምፕሊፋየር የታሰበ ነው። ሦስት ሲቀጠልበት፣ በላዩም የማቀዝቀዣ ማራገቢያ ሲታሰርበት በማጫወቻው ውስጥ ያለው ትንሽ ክፍል ይቃጠላል። መፍትሔው አንድ ሬሌ ነው። ቀጭኑ ሽቦ ሬሌውን ብቻ ያነሣል፤ ሬሌው በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ኃይል ወስዶ ሁሉንም ያበራል። በሬሌው መጠምጠሚያ ላይ አንድ ዳዮድ በግልባጭ ማሰር ሲጠፋ የሚፈጠረውን የቮልት ምት ያስቀራል።

በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የመጠን ማስተካከያ ደግሞ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ሥራው ከማጫወቻው የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠን ነው። እስከ መጨረሻው የዞረ እንደ ሆነ የድምፁ ጫፎች ተቆርጠው ንግግሩ ይጎረናል፤ አማካይ ጅረቱም ያለ ጥቅም ያድጋል፤ ጡሩምባውም ይሞቃል። ማጫወቻው ሦስት አራተኛ ላይ ይቁም። አምፕሊፋየሩም መጎርነን እስኪጀምር ይነሣና ጥቂት ይመለስ።

የጡሩምባ ነገር

በእኛ መኪና ላይ በመጨረሻ አራት ባለ 8 ኦም ጡሩምባዎች ነበሩ። አራቱ ጎን ለጎን በአንድ አምፕሊፋየር ላይ ቢታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም። ሁለት ሁለቱን ለየአምፕሊፋየሩ ስንሰጥ እያንዳንዱ 4 ኦም አገኘ። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ጡሩምባዎች የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጣቸው አንድ ዐይነት ይሁን። አለዚያ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ሁለት ጡሩምባ ከአንድ ያነሰ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነገር ጡሩምባ ወፍራም ድምፅን አይወድም። የስልክ መሐንዲሶች የሰው ንግግር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ውስጥ በሚገባ እንደሚሰማ ካወቁ ብዙ ዘመን ሆኗል። ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ ብንቆርጠው ጡሩምባው ይድናል፣ ብዙ ኃይልም ይቆጠባል፣ ቃሉም ይጠራል። ለእረኛው የሚደርሰው ቃሉ እንጂ የከበሮው ድብደባ አይደለምና።

ደጋው የሚጠይቀው

ከ3,000 ሜትር በላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አምፕሊፋየር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለ ሆነ፣ በቆላ የበቃው ክፍት ቦታ በደጋ አይበቃም። «መንዝ ብርድ ነው፣ ምን ያሞቀዋል?» የሚል ይኖራል። ብርዱ ከውጭ ነው፤ በመቀመጫ ሥር በብርድ ልብስ የተሸፈነ አምፕሊፋየር ግን ብርዱን አያየውም። የብረት ክንፎቹ ወደ ላይ ቆመው፣ በዙሪያው አየር እንዲዞር ሆኖ ይገጠም።

ብርዱ የሚጎዳው ባትሪውን ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ከአቅሙ ሃያ በመቶ ያህል ያጣል። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ሞተሩን አጥፍቶ በ24 አምፔር አማካይ ጅረት ቢያሠራ፣ ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተፈለገ፣ በአዲስነቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ባትሪው ካረጀና ማለዳው ውርጭ ከሆነ አንድ ሰዓትም ብዙ ነው። ማታ ሲጮህ ያመሸ መኪና ጠዋት አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ሞተሩ ቢሠራም ቆሞ ባለበት ፍጥነት ባለ 70 አምፔር ዲናሞ የሚሰጠው ከግማሹ ላይበልጥ ይችላል። መፍትሔው ለድምፁ ሁለተኛ ባትሪ መጨመርና ሞተር ሲጠፋ ሁለቱን የሚለያይ ሬሌ መግጠም ነው።

ስለ ኢሱዙ መኪኖችና ስለ ቅጥቅጥ አውቶቡሶችም አንድ ቃል ልጨምር። እነዚህ ሁለት ባትሪ የተቀጣጠለባቸው ባለ 24 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ቮልት አምፕሊፋየር ለማሠራት ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ብቻ መሳብ የተለመደ ስሕተት ነው። የሚሳብበት ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ መግዛት ባትሪ ከመቀየር ይረክሳል።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

መኪናዋን እንደገና ስንሠራት ገመዱን የመረጠው ያ ወጣት ነበር። ጫፉን በምላጭ ፍቆ፣ ቀይ መሆኑን አይቶ፣ «ይኸኛው ይሁን፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም የፊውዙን ሒሳብ አስተማርሁት፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያዘው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሳትጤስ ሥራዋን ፈጸመች።

አንድ ነገር ደግሞ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ተማርን። የመጀመሪያው ቀን ማስታወቂያ ሲነበብ አንባቢው ፈጥኖ ይናገር ነበር። ድምፅ በደጋ አየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ከ170 ሜትር ማዶ ያለ ገደል ቃሉን ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልሰዋል፤ የመጣው ቃል በሚሄደው ላይ ተደርቦ ሁሉም ይደባለቃል። አዛውንቱ «ልጄ፣ ገደሉ ይመልስልህ፤ ከዚያ ቀጥል» አሉት። ከማዶ ሰው የሚጠራ የመንዝ ገበሬ ቃሉን ያስረዝማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጠራል። አንባቢውም እንዲሁ ሲያደርግ ሰው ሰማው። ያንን ያገኘነው ያለ አንድ ዋት ጭማሪ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በየከተማው ዳር የሚሠሩት እነዚህ ወጣቶች ሥራውን የሚማሩት እርስ በርሳቸውና ከስሕተታቸው ነው። ስሕተቱ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሰው በተቀመጠበት መኪና ውስጥ ይነዳል። የገመድ ውፍረትና የፊውዝ ሠንጠረዥ ያለበት፣ የመጋጠሚያና የግራውንድ አሠራር በሥዕል የተገለጸበት፣ ከሃያ ገጽ ያልበለጠ መጽሐፍ በጠራ አማርኛ ብናዘጋጅ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። ከማሳተማችን በፊት ግን ረቂቁን ለእነዚህ ወጣቶች እናስነብበው። እኔ የጻፍሁትን ሒሳብ በእጁ ዳስሶ ያረመኝ ከእነርሱ አንዱ ነበርና።